ዜማው የቀረ፣ ሥዕሉ የጠፋ፦ የልጆቻችን ቴሌቪዥን ከማንኪራ ሲታይ

በከፋ ዞን፣ ማንኪራ ውስጥ ያለ ልጅ ዛሬ ካርቱን የሚያየው በአባቱ ወይም በታላቅ ወንድሙ ስልክ ነው። ለገበያ ቦንጋ የወጣ ሰው ከሞባይል ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ሜሞሪው ላይ ዘፈን ያስጭናል፤ በዚያው «ለልጆች የሚሆን» ጥቂት ቪዲዮ ይጨመርለታል። ከተጫነው ውስጥ ፊደል የሚያስቆጥር የተሳለ አንበሳ ይኖራል፣ የውጭ አገር የልጆች ዘፈን ይኖራል፣ በታወቀ የአማርኛ ዘፈን ዜማ የሚወዛወዙ አሻንጉሊቶችም ይኖራሉ። ማን እንደዘፈነው፣ ማን እንደሳለው፣ መቼ እንደተሠራ የሚናገር ነገር ግን የለም። ሜሞሪው ሲሞላ ወይም ሲበላሽ ሁሉም ይሰረዛል፤ ልጁ ዘንድ የሚቀረው ዜማው ነው።

ከ60 ዓመት በፊት ቴሌቪዥን ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ ለልጆች የቀረበው አብዛኛው ነገር በዚሁ መንገድ ሄዷል። ዘፈኑን አዋቂዎች ዛሬም ያንጎራጉሩታል፤ ምስሉን አሳዩን ቢባሉ ግን የሚያሳዩት የላቸውም። ለልጆች በዘፈንና በሥዕል ወይም በአሻንጉሊት ከተሠራው ምን ቀረ? ያልቀረውስ ለምን አልቀረም? ከጠፋውስ የሚመለስ አለ? እነዚህን ጥያቄዎች ከአዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከከፋ ሆኖ ማየት ጠቃሚ ይመስለኛል። የመጨረሻው ተመልካች ያለው እዚህ ነው፤ ነገ የሚጠፋውም በብዛት እዚህ ያለው ነው።

ስለ «በከፊል መጥፋት» አስቀድሞ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አንድ የቴሌቪዥን ሥራ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው አልፎ አልፎ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ20 ክፍል 3ቱ ይተርፋል፤ ወይም ድምፁ በካሴት ተቀድቶ ምስሉ የለም፤ ወይም ምስሉ አለ፣ ዘፈኑ ግን በመብት ጥያቄ ምክንያት ተቆርጦ ወጥቷል። አንዳንዴ ደግሞ የሚቀረው የጋዜጣ የፕሮግራም ሰንጠረዥና የሰዎች ትዝታ ብቻ ነው። እነዚህን ለያይቶ ማየት ይገባል፤ እያንዳንዱ መድኃኒቱ የተለየ ነውና።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ምልክቱ ለብዙ ዓመታት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አይወጣም ነበር፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዘመን የከፋ ልጅ የዚህ ታሪክ ተመልካች አልነበረም። የልጆች ጊዜ ግን ከጣቢያው ጋር አብሮ ተወለደ። ተስፋዬ ሳህሉ፣ አገር ሁሉ አባባ ተስፋዬ የሚላቸው፣ ያን ፕሮግራም ከ40 ዓመት በላይ ይዘውት ቆዩ። ከመድረክ የመጡ ሰው ነበሩ፤ ተዋናይ፣ ዘፋኝ፣ የምትሃት ትርኢት አቅራቢ። ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ተጫውተዋል። ይህን ሁሉ ጥበብ ጠቅልለው ወደ ስቱዲዮ አስገቡት፤ ተረት ሲያወሩ ድምፅ ይለዋውጣሉ፣ ልጆችን ያዘፍናሉ፣ እንቆቅልሽ ያስጠይቃሉ። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ሦስት ትውልድ አለቀሰላቸው።

በዚያ ዘመን ለምን ካርቱን አልነበረም የሚል ቢኖር መልሱ ሒሳብ ነው። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል። ሠዓሊው ቆጥቦ እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ቢያስነሳው እንኳ ለ1 ደቂቃ 720 ሥዕል ይፈልጋል፤ ለ10 ደቂቃ ፕሮግራም ከ7 ሺህ በላይ። ይህን የሚችል ስቱዲዮ በአገሪቱ አልነበረም። ስለዚህ የካርቱኑን ሥራ የሠራው የአንድ ሰው ፊት ነበር። ጅቡም፣ ጦጣዋም፣ አንበሳውም አባባ ተስፋዬ ራሳቸው ነበሩ፤ ዘፈኑ ደግሞ አንዱን ትዕይንት ከሌላው ያያይዝ ነበር። የኢትዮጵያ የልጆች ቴሌቪዥን ታሪክ ሲጻፍ ይህ እንደ ድህነት ምልክት ብቻ መታየት የለበትም ባይ ነኝ። ሙሉ የኪነ ጥበብ ዘርፍ ነበር፤ ብዙ አገሮች በሠዓሊ ጭፍራ ያገኙትን አንድ ሰው በጉሮሮውና በእጆቹ አስገኝቶታል።

ታዲያ ከ40 ዓመቱ ሥራ ዛሬ በሕዝብ እጅ የሚዘዋወረው ጥቂት ነው። በዩቲዩብ የሚገኙት ቁርጥራጮች አብዛኞቹ የኋለኛው ዘመን ናቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ አንድ ሰው ቤቱ በቪዲዮ ካሴት የቀረጻቸው እንደሆኑ ከምስሉ መንቀጥቀጥ ይታወቃል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምስል ለአብዛኛው ተመልካች እንደሌለ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የያኔውን ቴሌቪዥን አሠራር ማወቅ ይበቃል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የስቱዲዮ ፕሮግራም በአብዛኛው ቀጥታ ይተላለፍ ነበር፤ ካሜራው ያየው አየር ላይ ወጥቶ በዚያው ያልቃል። መቅረጫ ክር ሲመጣ ደግሞ ዋጋው ከባድ ነበርና በዓለም ያሉ ጣቢያዎች ያንኑ ክር አጥፍተው በላዩ ይቀዱበት ነበር። ምን ይቆይ፣ ምን ይሰረዝ ሲባል የመሪዎች ንግግር ይቆያል፣ የልጆች ፕሮግራም ይሰረዛል። ከስርዘቱ ያመለጠውን ደግሞ ጊዜ ያጠቃዋል። ክሩ እርጥበት ሲያገኝ ማጣበቂያው ይለቃል፤ አሮጌ ፊልም የኮምጣጤ ሽታ እያመጣ ይኮማተራል። ክሩ ደህና ቢሆን እንኳ የሚያጫውተው መሣሪያ መለዋወጫ የለውም፣ የሚጠግነው ሰውም ጡረታ ወጥቷል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ማሳሰቢያ በመግነጢሳዊ ክር ላይ ያለ ቅርስ እስከ 2025 ድረስ ወደ ዲጂታል ካልተገለበጠ አብዛኛው ለዘለቄታው ሊጠፋ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። ያ ዓመት አልፏል።

ይህ የእኛ ብቻ በደል አይደለም። ቢቢሲ እንኳን፣ ያን ያህል ገንዘብና ባለሙያ ያለው ድርጅት፣ «ዶክተር ሁ» ከተባለው ዝነኛ የልጆች ድራማው ክሮቹን እያጠፋ ከ90 በላይ ክፍሎችን አሳጥቷል። የእንግሊዞቹ ታሪክ ግን ለእኛ የሚጠቅም ሁለት ነገር አለው። አንደኛው፣ ከጠፉት ክፍሎች ዘጠኙ እ.ኤ.አ. በ2013 ተገኝተዋል የተባለው ናይጄሪያ ውስጥ፣ ጆስ ከተማ ካለ የቴሌቪዥን ማስተላለፊያ ጣቢያ ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ያጠፋውን ሩቅ ያለ ቅርንጫፍ መደርደሪያ ላይ ረስቶት ነበር። ሁለተኛው ይበልጣል። የጠፉት ክፍሎች ድምፅ በሙሉ አለ፤ በዚያ ዘመን የነበሩ ልጆች የቴፕ ማይክሮፎናቸውን ከቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠው ቀድተውት ነበርና። ቢቢሲ ያንን ድምፅ አንጽቶ፣ በላዩ አዲስ ካርቱን አስሎ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ሙሉ ታሪኮችን ለተመልካች መልሷል። በልጆች የተቀዳ ድምፅ ለካርቱን መሠረት ሆነ ማለት ነው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ለእኛ የሚያዋጣው መንገድ ይህ ይመስለኛልና።

የዘመናዊ ዘፈናችን ዕጣ ከቴሌቪዥኑ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ አስገራሚ ነው። አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን የሸክላ ማሳተሚያ አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴንና የሌሎችን ዘፈን ሲያወጣ፣ ካይፋ የተባለው አሳታሚም ተከትሎ የራሱን ሲያወጣ፣ ማንም ቅርስ እያስቀመጥኩ ነው ብሎ አልነበረም። ሸክላ ይሸጥ ነበር፤ ሻይ ቤትና ሙዚቃ ቤት ይገባ ነበር፤ የአንዱ ቤት ቢሰበር የሌላው ቤት ይተርፋል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮጲክስ» በሚል ስም በተከታታይ ያወጣቸው ስብስቦች ሊኖሩ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው። የቴሌቪዥን ፕሮግራም ግን አንድ ቅጂ፣ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ቁልፍ ነበረው። በማንኪራ ጫካ የዱር ቡናው ዘር ያልጠፋው አንዱ ዛፍ ስለተጠበቀ ሳይሆን በጥላው ሥር ሁሉ ስለበቀለ እንደሆነ ሁሉ፣ ድምፅና ምስልም የሚተርፈው በብዙ ቦታ ሲኖር ነው።

ደርግ ሲመጣ የልጆች ዘፈን በአዲስ መልክ ወደ ቴሌቪዥን ገባ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ ሕፃናትም የራሳቸው ቡድን ነበራቸው፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው በአብዮት በዓል ይዘፍኑ ነበር። በየክፍለ ሀገሩም ቡድን ነበር። ያኔ ከፋ ክፍለ ሀገር ሲባል ዋና ከተማው ጅማ ስለነበር በከፋ ስም መድረክ ላይ የወጣው ኪነት መናኸሪያው እዚያ ነበር። ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት፣ በ1977 ዓ.ም. መስከረም፣ ቴሌቪዥኑ ወደ ቀለም ተሸጋገረ። ግጥሙ የፖለቲካ ስለነበር ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ያን ምስል ማሳየት የፈለገ አልነበረም፤ ያልታየ ነገር ደግሞ ለመጠበቅ የሚታገልለት ያጣል። ከእነዚያ ሕፃናት መካከል ኋላ ታዋቂ ዘፋኝ የሆኑ አሉ። የመጀመሪያ ድምፃቸውን ቢፈልጉት ያገኙት ይሆን?

ቀጥሎ የመጣው የዲሽ ዘመን ነው። ኢቲቪ ለልጆች የሚሰጠው በሳምንት ጥቂት ደቂቃ ነበርና፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓረብሳትና ናይልሳት ጣሪያ ላይ ሲወጡ ቀኑን ሙሉ ካርቱን የሚያሳዩ የዓረብኛ ጣቢያዎች አብረው ገቡ። የማይገባቸውን ቋንቋ መክፈቻ ዘፈን በቃላቸው የሚያውቁ ልጆች በየከተማው በቅለዋል። ይህን የማነሣው ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ልጅ ዜማ ያለበት ሥዕል ካገኘ የማንም ይሁን የማን ይቀበላል። በራሳችን ቋንቋ ያልሠራንለትን ሌሎች ሠሩለት።

በራሳችን ቋንቋ የተሠራው ትልቁ ነገር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ያቋቋሙት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ያዘጋጀው ይህ ፕሮግራም በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፀሐይ የምትባል ቀጭኔ ናት፤ አሻንጉሊት ሆና ትንቀሳቀሳለች፣ ትጠይቃለች፣ ትዘፍናለች። እጅ መታጠብም፣ ፊደልም፣ ወንድምና እህት መሆንም በዘፈን ይቀርባል። ብሩክታዊት እ.ኤ.አ. በ2010 ከሮሌክስ ሽልማት ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆናለች። ያው ድርጅት ኋላ «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን ካርቱን ሠራ፤ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻና ስለ ወር አበባ በግልጽ የሚናገሩ ሦስት ጀግና ልጃገረዶች ያሉበት ተከታታይ ነው። በእኔ ግምገማ «ፀሐይ» ከአባባ ተስፋዬ ቀጥሎ የኢትዮጵያን ልጅ የልብ ትርታ ያገኘው ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ዘፈኑ የትምህርቱ ማጣፈጫ ሆኖ አልገባም፣ ትምህርቱ ራሱ ዘፈን ነው። ከአማርኛ ውጪ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች መመለሱም ትልቅ እርምጃ ነው። አዘጋጁ የግል ድርጅት ስለሆነ ሥራውን በእጁ ይዟል፤ ለዚያም ነው በደህና ሁኔታ የሚገኘው። ነገር ግን ይህ ጥበቃ በአንድ ድርጅት ሕልውና ላይ የተንጠለጠለ ነው። አገሪቱ ራሷ ቅጂ ልታስቀምጥ ይገባታል።

በውጭ ካሉ ባለሙያዎች ደግሞ ዕዝራ ውቤን ማንሣት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ የሚሠራው ይህ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ2011 «ሒሳብ» የተባለ አጭር አኒሜሽን ሠርቷል። ታሪኩ አህያ፣ ፍየልና ውሻ መኪና ተሳፍረው ስለ መክፈልና አለመክፈል የሚነገረው የሁላችንም ተረት ነው። በሥዕሉ ላይ እየደረበ እየቀባ፣ እያንዳንዱን ለውጥ ፎቶ እያነሳ ያንቀሳቅሰዋል። የቀደመው ሥዕል በኋለኛው ይሸፈናል፤ የሚቀረው ፎቶው ነው። ሳይመዘግብ ቢቀባ ኖሮ ፊልሙ ራሱ አይኖርም ነበር።

ወደ ዘፈኑ መብት እንምጣ፤ የተወሳሰበው ክር እዚህ ነውና ትንሽ ልቆይበት። ካርቱንና የታወቀ ዘፈን ሲጋቡ ሥራው ሁለት ባለቤት ያፈራል። ሥዕሉ የአንዱ ነው፤ ዘፈኑ ደግሞ የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲው፣ የዘፋኙና የአሳታሚው። አንዱ እምቢ ካለ ሁሉም ይቆማል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የታየው የቢትልስ ካርቱን በየክፍሉ የእነሱን ዘፈን ይዞ 39 ክፍል ተሠርቶለት ነበር፤ መብቱን የራሳቸው ኩባንያ ከያዘው ወዲህ ለሽያጭ ሳይወጣ ቀረ። ሰው እጅ የገቡት በቤት የተቀዱ ቅጂዎች ናቸው። «መፔት ሾው» በዲቪዲ ሲወጣ የዘፈን ፈቃድ ያልተገኘላቸው ትዕይንቶች ተቆርጠው ወጡ። ሥራው አልተቃጠለም፣ አልተሰረዘም፤ ሕግ ከመሀሉ ቁራጭ አወጣበት።

በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ኋላ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሎ ይሠራል። በአዋጁ የብሮድካስት ድርጅት በስርጭቱ ላይ ያለው መብት 20 ዓመት ነው፤ የዘፋኙና የድምፅ ቅጂ አሳታሚው 50 ዓመት፤ የደራሲው ደግሞ ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት። ስለዚህ በ1977 ዓ.ም. የተላለፈ የልጆች ፕሮግራም የጣቢያው መብት ድሮ አልቋል፤ በውስጡ ያለው ዜማ መብት ግን ደራሲው ሕያው ከሆነ ዛሬም የራሱ ነው። አንድ ሰው ያን ምስል አግኝቶ ልልቀቅ ቢል የዜማውን ባለቤት መፈለግ አለበት። ስሙ ያልተጻፈ ከሆነ ማንን ይጠይቃል? የባለሙያ ስም መጻፍ ለክብር ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ሥራው ነገ መታየት እንዲችል ያደርገዋል። በልጆች ፕሮግራም መጨረሻ ላይ የሚያልፈው የስም ዝርዝር ተቆርጦ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን የሚጎዳው የወደፊቱ ተመልካች ነው።

ዩቲዩብን ብዙ ሰው እንደ መዝገብ ቤት ያየዋል። እኔ አላየውም። በታወቀ ዘፈን ላይ ያለፈቃድ የተሠራ የልጆች አኒሜሽን ባለመብቱ ባመለከተ ቀን ይወርዳል፤ ወይም ድምፁ ይታፈንና ዝም ያሉ አሻንጉሊቶች ሲወዛወዙ ይቀራሉ። ዩቲዩብ ለልጆች የተሠሩ ቪዲዮዎች ላይ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የማስታወቂያ ሕጉን አጥብቋል፤ ገቢው የቀነሰበት አዘጋጅ ቻናሉን ሲተወው ደግሞ ሥራው ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። በፍላሽ ቴክኖሎጂ የተሠሩ የድረ ገጽ ካርቱኖችና የፊደል ጨዋታዎች እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ፍላሽ ሲዘጋ መጫወት አቁመዋል። ዲጂታል ስለሆነ አይጠፋም ማለት አይቻልም፤ አጠፋፉ ፈጠነ እንጂ።

አሁን ወደ ከፋ ልመለስ። ከፊ ኖኖ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ሕዝብ የሚናገረው ቋንቋ ነው። በትምህርት ቤት ይሰጣል፣ በቦንጋ ኤፍ ኤም ይሰማል፤ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ቦንጋ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት። የልጆች ዜማ ሞልቷል። ሕፃን ማባበያው፣ የከብት ጠባቂ ልጆች ቅብብሎሽ፣ ቡና ሲለቀም የሚዜመው፣ ማር ሲቆረጥ የሚባለው። ከዚህ ውስጥ በተሳለ ምስል ለልጅ የቀረበው ግን ኢምንት ነው። የከፋ ልጅ ካርቱን ሲያይ ጅቡም አንበሳውም በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይናገራሉ። አያቶች የሚያውቁት ዜማ በየዓመቱ ከአያቶቹ ጋር ይቀበራል። ኢቲቪ የሰረዘውን ክር ስናዝን፣ ጨርሶ ክር ያልነካውን ደግሞ አናስታውስም፤ ለእኔ ይህ የከፋው ጥፋት ነው።

የሚያንገበግብ ምሳሌ ልጥቀስ። ቡና ቀምሰው ሲጨፍሩ እረኛቸውን ስላስደነቁት ፍየሎች የሚነገረው ታሪክ ለዘፈን ካርቱን ታስቦ የተፈጠረ ነው ቢባል ማን ይከራከራል? ዋሽንት አለ፣ ጭፈራ አለ፣ ጫካ አለ፣ እንስሳ አለ። በአውሮፓ ፋውስቱስ ናይሮን የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ በመጽሐፍ ካሠፈረው ወዲህ ዓለም ደጋግሞ ስሎታል፤ በእንግሊዝኛ የልጆች መጽሐፍ ሆኗል፣ በቡና ኩባንያዎች ማስታወቂያ ተንቀሳቅሷል። በማንኪራ ሰው አነጋገር፣ በማንኪራ ዜማ፣ የማንኪራን ጫካ መልክ አስይዞ የሳለው የታል? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የከፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቧል፤ ቦንጋ ላይ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቆሟል። ዛፉና ሙዚየሙ አሉ፤ ልጁን ወደ ሙዚየሙ የሚስበው ዘፈን የለም።

የጠፋ ነገር እንደሚመለስ ከፋ ከማንም በላይ ታውቃለች። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 ከተማረኩ በኋላ የከፋ ዘውድ በስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ እጅ ስዊዘርላንድ ደርሶ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። ዘውዱ ሊመለስ የቻለው የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ስለነበር ነው። የልጆቻችን ቴሌቪዥን ግን ዝርዝር እንኳ የለውም። ምን ተሠራ፣ በስንት ክፍል፣ ማን ዘፈነ፣ ቅጂው የት አለ የሚል አንድ መዝገብ ቢኖር ፍለጋው ግማሽ መንገድ በሄደ ነበር።

ምን ይደረግ ለሚለው የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ፍለጋው ከምስል ሳይሆን ከድምፅ ይጀመር። ድምፅ በካሴት አለ፣ በሬዲዮ ክምችት አለ፣ ከሁሉም በላይ በሰው አፍ አለ። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 60 የሆነ ሰዎችን ሰብስቦ በልጅነታቸው ከቴሌቪዥን የሰሙትን ዘፈን ማስዘፈንና መቅዳት የሚጠይቀው አንድ ስልክና ትዕግሥት ነው። ሁለት ሦስት ሰው ያዜሙት ሲገጥም ዜማው ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንደ እንግሊዞቹ በዚያ ድምፅ ላይ አዲስ ሥዕል ማሳል ይቻላል። አኒሜሽን የሚሠሩ ወጣቶች ዛሬ በኮምፒውተር፣ አንዳንዶቹም በስልክ፣ ያን 720 ሥዕል በጥቂት ቀን ያደርሱታል። አዲሱ ሥዕል የጠፋውን ነው እንዳይባል ግን በግልጽ ይጻፍበት፤ የትኛው የድሮ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ተመልካቹ ይወቅ።

ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ከተማሪዎቹ መካከል ከዴቻ፣ ከጊምቦ፣ ከጨና፣ ከጌሻ የመጡ አሉ፤ እነሱ ለክረምት ዕረፍት ሲሄዱ የአያታቸውን ሁለት ዜማ ቀድተው፣ የዘፋኟን ስም፣ ቀበሌና ዕድሜ ጽፈው ቢመለሱ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከፊ ኖኖ ለካርቱን የሚሆን የዜማ ጎተራ ይኖረዋል። የከፋ ዞን ባህልና ቱሪዝም መምሪያም ለበዓል መድረክ ከሚያወጣው ጥቂቱን ለአንድ የአምስት ደቂቃ የልጆች ፊልም ቢያውል የማይቆጭበት ነው። ቅጂው ደግሞ ቦንጋ ብቻ አይቀመጥ፤ አንዱ አዲስ አበባ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ አንዱ ዩኒቨርሲቲው፣ አንዱ በየትምህርት ቤቱ ፍላሽ ላይ ይኑር።

የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽንም ያለውን የልጆች ክምችት ዝርዝር ለሕዝብ ቢያወጣ ብዙ ደጅ ይከፈታል። ምስሉን ዛሬ ይልቀቅ አላልኩም፤ የዜማ መብት ጥያቄ እንዳለ ከላይ አይተናል። ዝርዝሩ ግን መብት አይነካም። ዝርዝሩን ያየ የቀድሞ ዘፋኝ «ይህ የእኔ ነው፣ ፈቅጃለሁ» ሊል ይችላል፤ ያ ፕሮግራም ቤቱ የተቀዳለት ሰው ደግሞ የጎደለውን ክፍል ሊያመጣ ይችላል።

በመጨረሻ ለአንባቢው የምለው አለኝ። ዋሽንግተንም ይኑሩ ጅማ፣ ቤትዎ የቆየ የቪዲዮ ካሴት ካለ አይጣሉት፤ የሠርግ ቪዲዮ መጨረሻ ላይ ሳይታሰብ የተቀዳ የልጆች ፕሮግራም ሊኖርበት ይችላል። ከእርጥበትና ከፀሐይ ያርቁት፣ ሻጋታ ካለበት ማጫወቻ ውስጥ አያስገቡት፣ በላዩ የሚያውቁትን ቀንና ስም በእርሳስ ይጻፉ፣ የሚገለብጥልዎ ባለሙያ ይፈልጉ። አያትዎ በሕይወት ካሉ ደግሞ በዚህ ሳምንት ስልክዎን ይዘው ይቀመጡና ለልጅ የሚያዜሙትን ያስቀዱ፤ ስማቸውንና ቀኑን መመዝገብ አይርሱ።